ሁለት ዛፍ ወይስ አንድ? ቤዝ ጊታር እየመቱ ስለሚያዜሙ ድምፃውያን



በሙዚቃ መድረክ ላይ ከፊት ቆሞ የሚያዜመውን ሰው ሁሉም ያየዋል። ከጎኑ ቆሞ፣ አራት ወፋፍራም ክሮች የተወጠሩበትን ባለረጅም አንገት ጊታር የሚመታውን ግን የሚያስተውለው ጥቂት ነው። የቤዝ ጊታር ድምፅ ከጆሮ ይልቅ በደረት የሚሰማ ድምፅ ነው። ሲኖር ልብ አይባልም፤ ሲጠፋ ግን ዘፈኑ መሠረቱ እንደተናደ ቤት ያዘነብላል። የዛሬው ጽሑፋችን እነዚህን ሁለት ሥራዎች፣ ይኸውም ከፊት ቆሞ ማዜምንና ከሥር ሆኖ መሠረት መያዝን፣ በአንድ ሰው ላይ ስላጣመሩ ሙዚቀኞች ነው።

ርእሱን ያመጡልን ከአገር ቤት ደብዳቤ የጻፉልን አንዲት እኅታችን ናቸው። ባለቤታቸው ሃምሳ አለቃ ሲሆኑ ከእኛው ጋር እዚህ ጁባ፣ ኒምራ ታላታ ይገኛሉ። የመጀመሪያ ልጃቸው ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው። በትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ ገብቶ ቤዝ ጊታር መምታት ከጀመረ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ድምፁም መልካም ሆኖ በመገኘቱ የክበቡ አስተማሪ ሁለቱንም በአንድ ላይ እንዲሞክር ፈቅዶለታል። አባቱ ይህን በስልክ እንደሰሙ ግን፣ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ ወይ ይዝፈን፣ ወይ ይምታ» ብለው ጊታር ሊገዙለት የገቡትን ቃል አንሥተዋል። ከዚያ ወዲህ ልጁ አባቱ በደወሉ ቁጥር ከቤት ይወጣል። እኅታችን ደብዳቤያቸውን ሲደመድሙ፣ «የልጆቼ አባትና ልጄ ከተነጋገሩ ሁለት ወር አለፋቸው፤ እኔ በመካከላቸው ወሬ አመላላሽ ሆኜ ቀረሁ። እውነት ይህ ነገር የማይሆን ነው ወይ?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ተረቱ እውነት ነው፤ ሁለት ዛፍ ላይ የወጣ ማንም የለም። መመርመር ያለበት፣ ማዜምና ቤዝ መምታት በርግጥ ሁለት ዛፍ ናቸው ወይስ የአንድ ዛፍ ግንድና ቅርንጫፍ ናቸው የሚለው ነው። ለዚህም በቃል ከመከራከር በሥራ ያሳዩትን ሰዎች መመልከት ይሻላል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

የሰፈራችን ስም በጁባ ዐረብኛ «ቁጥር ሦስት» ማለት እንደሆነ እዚህ ያለን ሁሉ እናውቃለን። ሦስት ቁጥር ለዛሬው ነገራችን ቁልፍ ነው። በሮክ ሙዚቃ ዓለም ቤዝ እየመቱ የሚያዜሙ ሰዎች በብዛት የተገኙት በሦስት ሰው በተቋቋሙ ባንዶች ውስጥ ነውና። አንዱ ድራም ይመታል፤ አንዱ ሊድ ጊታር ይጫወታል፤ ሦስተኛው ቤዝ ይይዛል። እንግዲህ ማን ያዚም? ድራም መቺው ከኋላ ተቀምጦ አራት እጅና እግሩን ያንቀሳቅሳል፤ ሊድ ጊታር ተጫዋቹ በዘፈኑ መካከል ብቻውን ወጥቶ የሚራቀቅበት ጊዜ አለው። ሥራው ለቤዝ ያዡ ይደርሳል። ሰው ባነሰበት የጥበቃ ቦታ አንዱ ጓድ ሬዲዮውንም መሣሪያውንም እንደሚይዝ ማለት ነው፤ ምርጫ ሳይሆን የሰው ቁጥር ያመጣው ግዴታ ነበር።

ግዴታውን የሚቻል ያደረገው ደግሞ የመሣሪያው መለወጥ ነው። ቀድሞ የቤዝን ሥራ ይሠራ የነበረው ኮንትራ ባስ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥና መሬት ላይ ቆሞ በሁለት እጅ ታቅፎ የሚመታ ግዙፍ መሣሪያ ነበር። እርሱን ታቅፎ በማይክሮፎን ፊት ማዜም ፈጽሞ አይቻልም ባይባልም አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር በትከሻ የሚንጠለጠለውን የኤሌክትሪክ ቤዝ ለገበያ አቀረበ። ክብደቱ አራት ኪሎ ገደማ ነው፤ ከክላሽ ብዙ አይርቅም። ከዚያ በኋላ ቤዝ መቺው እንደ ልቡ ቆሞና ተራምዶ ወደ ማይክሮፎኑ መቅረብ ቻለ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ነው። የእርሱ ነገር ለልጃችንም ለአባቱም ትምህርት አለው። ቡድኑ በጀርመን ሐምቡርግ የምሽት ክበቦች በሚጫወትበት ጊዜ ቤዝ የሚመታው ጓደኛቸው ስቱዋርት ሳትክሊፍ ሥዕል ለመማር ሲል እ.ኤ.አ. በ1961 ቡድኑን ለቀቀ። ቤዙን ለመያዝ የፈለገ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ቤዝ ከኋላ ለሚቆም ሰው የሚሰጥ ሥራ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ዕጣው ለማካርትኒ ደረሰ። እርሱም እዚያው ሐምቡርግ ቫዮሊን የሚመስል ሆፍነር የተባለ ርካሽ ቤዝ ገዛ። ግራኝ በመሆኑ፣ ቢገለበጥም ቅርፁ የማይዛባ መሣሪያ ያስፈልገው ነበርና። ያ ጊታር እ.ኤ.አ. በ1972 ለንደን ውስጥ ከተሽከርካሪ ላይ ተሰርቆ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ተነግሯል። ማንም ያልፈለገው ሥራ በደረሰው ሰው እጅ ከዘመኑ የቤዝ አጨዋወት ሁሉ የላቀ ዜማዊ ሆነ። እንደ እኛ ግምት ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚያዜም ሰው ቤዝ ሲመታ ቤዙም ማዜም ይጀምራል።

ከእርሱ ቀጥሎ ጃክ ብሩስ ይመጣል። ስኮትላንዳዊ ነው፤ በወጣትነቱ ሴሎ የተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ከኤሪክ ክላፕተንና ከጂንጀር ቤከር ጋር ክሪም የተባለውን የሦስት ሰው ባንድ የመሠረተ። ባንዱ የቆየው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ቢሆንም የሦስት ሰው ቡድን ምን ያህል ድምፅ ሊያወጣ እንደሚችል ለዓለም አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1977 በለንደን የተቋቋመው ፖሊስ የተባለ ባንድም (ስሙ ከእኛ ፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም) ሦስት ሰው ነበረው። ቤዝ የሚመታውና የሚያዜመው ስቲንግ አስቀድሞ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። የእርሱን አጨዋወት በጥሞና ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል፤ ሲያዜም ቤዙን ያሳንሳል፣ ድምፁን ሲያሳርፍ ቤዙን ይሞላል። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ለእኛ ለራሳችን ከሁሉ የሚደላን ግን የአየርላንዱ ፊል ላይኖት ነው። አባቱ ከደቡብ አሜሪካዋ ጉያና የመጣ ጥቁር ሰው ሲሆን እርሱ ያደገው በደብሊን ከእናቱ ወላጆች ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ቲን ሊዚ የተባለውን ባንድ ከጓደኞቹ ጋር መሥርቶ፣ ቤዙን በደረቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ተረት እንደሚያወራ ሰው እየተናገረ ያዜም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ገና በ36 ዓመቱ ዐርፏል። ዛሬ በደብሊን መካከል ቤዙን እንደያዘ በነሐስ ቆሞ ይታያል። የሞተርሄዱ ሌሚ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ድምፁ ወፍጮ ላይ ጠጠር እንደገባ ነው፤ ማይክሮፎኑን ከራሱ በላይ አሰቅሎ፣ አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ ያዜም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ ሞተበት 2015 ድረስ ባንዱን መርቷል። ሙዚቃው ለሁሉ ጆሮ የሚስማማ ነው አንልም። የካናዳው ራሽ ባንድ ጌዲ ሊ ከሁሉም ያስገርማል፤ በእጁ ቤዝ እየመታ፣ በአፉ እያዜመ፣ በእግሩ ደግሞ መሬት ላይ የተዘረጉ የድምፅ ፔዳሎችን ይረግጣል። ለእርሱ ሦስት ዛፍ ነው ማለት ነው!

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። ጊታር እየመቱ ማዜም በዓለም ሁሉ የተለመደ ሲሆን ቤዝ እየመቱ ማዜም ለምን እንደ ብርቅ ይታያል? መልሱ በእጅና በአፍ ዝምድና ላይ ነው። ተራ ጊታር የሚመታ ሰው እጁ ከዜማው ጋር አብሮ ይወርዳል፤ ቃሉ በሚያርፍበት እጁም ያርፋል። ቤዝ ግን የተዋዋለው ከድራሙ ጋር ነው። ድራሙ በረገጠበት ይረግጣል፤ ዜማው በሚዘገይበት ይቀድማል፤ ዜማው በሚሮጥበት ይቆማል። ስለዚህ የሚያዜመው ቤዝ መቺ እጁን ለድራሙ፣ አፉን ለግጥሙ ሰጥቶ፣ ራሱ በመካከል ይቆማል። በእኛ ሙዚቃ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ችክችካው ስድስት ምት እየቆጠረ ሲገሰግስ የአማርኛው ዜማ እንደ ልቡ ይረዝማል፣ ይጠመዘዛል፣ ቃሉን ጎትቶ ያሳድራል። በትዝታ ወይም በአምባሰል ቅኝት ድምፁን እያንቀጠቀጠ ያለ ሰው በዚያው ቅጽበት ጣቱ ሳይዛነፍ መቁጠር አለበት።

ይህ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ለወታደር እንግዳ አይደለም። ማሠልጠኛ የገባንበትን የመጀመሪያ ሳምንት እናስታውስ። በሰልፍ መራመድ ብቻውን እንኳን አቅቶን ግራና ቀኙ ተምታቶብን ነበር። በዚያን ጊዜ ዘምሩ ብንባል ሰልፉም መዝሙሩም በፈረሰ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን እግራችን ከራሳችን ትእዛዝ መጠበቁን ተወ፤ ያኔ አፋችን ነፃ ወጣ። መዝሙሩን እያዜምን ኪሎ ሜትሮችን ስንቆርጥ እግራችን ቤዝ ነበር፣ አፋችን ድምፃዊ። ሃምሳ አለቃ ጓዳችንም ስንቱን ምልምል በዚህ መንገድ አሠልጥነዋል! ልጃቸው የጠየቀው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ታዲያ አባትዬው ነገሩ የማይሆን የመሰላቸው ለምንድን ነው? እኛ እንደምናስበው፣ የአገራችን ዘመናዊ ባንድ ከወጣበት ቤት የተነሣ ነው። ያ ቤት ደግሞ የእኛው የሠራዊቱ ቤት ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ ያገኟቸውን፣ «አርባ ልጆች» የተባሉትን አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ ካስመጡበት ጊዜ ጀምሮ፣ ዘመናዊው ሙዚቃ በመለከትና በከበሮ፣ በደንብ ልብስና በሰልፍ ያደገ ነው። ከዚያም የክቡር ዘበኛ፣ የምድር ጦርና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች እየጎለመሱ መጡ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ ከክቡር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴና ሂሩት በቀለ ከፖሊስ የወጡ መሆናቸውን የማያውቅ የለም።

በእነዚያ ኦርኬስትራዎች ውስጥ የሥራ ክፍፍሉ እንደ ጦር ክፍል የጠነከረ ነበር። ነፋሹ ከነፋሹ፣ ገራፊው ከገራፊው ጋር በረድፍ ይቀመጣል፤ ድምፃዊው ተራው ሲደርስ በባዶ እጁ ወደ ማይክሮፎኑ ይወጣል፣ ዘፍኖ እጅ ነሥቶ ይመለሳል፤ ሌላው ይተካል። ኦርኬስትራው ግን ከወንበሩ አይነሣም። ማሕሙድ አሕመድ ራሱ መድረክ ያገኘው፣ በአሪዞና ክበብ በተራ ሠራተኛነት ሲያገለግል የክቡር ዘበኛ ድምፃዊ በቀረበት ምሽት ተተክቶ በማዜሙ ነበር። ድምፃዊ ሲጎድል ከውጭ ይተካ ነበር እንጂ ቤዝ የያዘው ሰው ይዝፈን አይባልም። ይህ ሥርዓት ታላላቅ ድምፆችን አፍርቶልናል፤ እኛም ልንነቅፈው አንሻም። ነገር ግን ድምፃዊ ማለት ባዶ እጁን የሚቆም ሰው ነው የሚለውን ሐሳብ በሁላችን አእምሮ ቀርጾ ትቶልናል።

ከሠራዊቱ ውጭ የተቋቋሙት ባንዶችም ይህንኑ ይዘው ቆዩ። በዋልያስ ባንድ መላከ ገብሬ፣ በአይቤክስና በኋላም በሮሃ ባንድ ጆቫኒ ሪኮ ቤዙን ይዘው ከሥር ሲያስኬዱ ፊት የሚቆመው ሌላ ሰው ነበር። የእነዚህ ሁለት ሰዎች ጣት በስንቱ ተወዳጅ ዘፈን ሥር እንዳለ የሚያውቀው አድማጭ ስንት ይሆን? በእርግጥ ሥርዓቱን ያለፉም ነበሩ። ግርማ በየነ ፒያኖ እየተጫወተ አዚሟል፤ አሊ ቢራ በክቡር ዘበኛ ቤት ያለፈ ሆኖ ሳለ ዑዱንና ጊታሩን ከእጁ አልለየም። በልጅነቱ የጦር ሠራዊቱን የሙዚቃ ክፍል የተቀላቀለው ኃይሉ መርጊያም አለ። ከዋልያስ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግሮ እዚያው ከቀረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ይዞ ብቻውን አንድ ሙሉ ካሴት ሠርቷል፤ የቤዙን መስመር ሳይቀር በራሱ እጅ። ከዚያም በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፣ ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ወደ ዓለም መድረክ ተመልሷል።

ከኦርኬስትራው ዘመን ወደ ኋላ ብንሄድ ግን ነገሩ ፈጽሞ ይለወጣል። በአገራችን ጥንታዊ ልማድ የሚያዜምና የሚመታ አንድ ሰው ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን ለሌላ ሰው አስይዞ በባዶ እጁ ቢገጥም ማን አዝማሪ ይለዋል? በክቡር ዘበኛ ያገለገለው ካሳ ተሰማ ክራሩን እየደረደረ ያዜም ነበር፤ የመድረክ ተዋናይዋ አስናቀች ወርቁም እንዲሁ። ከሁሉ ይበልጥ ግን በገናን ልብ እንበል። አሥር አውታር አለው፤ በእያንዳንዱ አውታርና በርኩማው መካከል እንዝራ የተባለች ትንሽ ቆዳ ትገባለች፤ ድምፁን የሚያነዝረው እርሷ ናት። ከቤት ውስጥ መሣሪያዎቻችን ሁሉ ድምፁ ወደ ታች የሚወርደው በገና ሲሆን፣ ደርዳሪው ራሱ በዝግታ እያዜመ ነው የሚደረድረው። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተማሩት መምህር ዓለሙ አጋ ሲደረድሩ የሰማ ሰው፣ የሰው ድምፅና የቤዝ ድምፅ ከአንድ ደረት ሲወጡ ምን እንደሚመስሉ ያውቃል። ዳዊትን የሚያህል ንጉሥ ይህን አድርጓል ብለው አባቶቻችን የሚያምኑለትን ነገር፣ እንግዲህ የማይሆን ነው ልንል አንችልም። በአሁኑ ጊዜ የባህል ቡድኖች ቤዝ ክራር የሚባል፣ ድምፁ ወፍራም የሆነ ክራር ይጠቀማሉ፤ ልጃችን ከፈለገ ይህም አለ።

ያለንባትም አገር ለዚህ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1972 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሰላም ስምምነት ለጁባ ዐሥራ አንድ ዓመት ያህል ዕረፍት ሰጥቷት ነበር። በዚያ ዘመን ስካይላርክስና ረጃፍ ጃዝ የተባሉ የጊታር ባንዶች ከካምፓላና ከናይሮቢ የቀሰሙትን ስልት ይዘው ከተማይቱን ያስጨፍሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ጦርነቱ ሲያገረሽ ያ ሁሉ ተበተነ። ወደ ሰሜን በካርቱም ደግሞ የሱዳን ጃዝ ንጉሥ የተባለው ሸርሐቢል አሕመድ ጊታሩን እየመታ ያዜም ነበር። በባንዱ ውስጥ አብራው ጊታር የምትጫወተው ዘኪያ አቡበክር በሱዳን የመጀመሪያዋ ሴት ጊታሪስት ስትሆን፣ የትዳር ጓደኛውም ናት።

ዘኪያን ካነሣን፣ ይህን ገጽ የሚያነቡ እኅቶቻችን ነገሩ የወንዶች ብቻ እንዳይመስላቸው ጥቂት እንጨምር። አሜሪካዊቷ ሱዚ ኳትሮ፣ ቁመቷ አጭር ሆኖ ከራሷ የሚረዝም የሚመስል ቤዝ አንጠልጥላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝ የዘፈን ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣች ናት። ሴት ልጅ በሮክ ባንድ ውስጥ ከማዜም በቀር ሌላ ሥራ አይሰጣትም በሚባልበት ዘመን ባንዱን ራሷ ትመራ ነበር። በቅርቡ ዘመን ኤስፔራንዛ ስፖልዲንግ ያንኑ ከሰው የሚረዝመውን ኮንትራ ባስ ታቅፋ እያዜመች እ.ኤ.አ. በ2011 የግራሚን የምርጥ አዲስ አርቲስት ሽልማት ወስዳለች። ከአፍሪካም የካሜሩኑ ሪቻርድ ቦና ቤዝ እየመታ በአገሩ ቋንቋ በማዜም ዓለምን ዞሯል። እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) ደግሞ ሥራውን በትዳር ተካፍላዋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ የወጣውን አልበም ያቀናበረላት ቤዝ መቺው ቢል ላስዌል ባለቤቷ ነበር። እርሷ ታዜማለች፤ እርሱ መሠረቱን ይይዛል። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» ከአዘጋጁት አንዱ ነው። ጃኖ የአገራችን የሮክ ባንድ ሆኖ ሳለ አራት ድምፃውያንን ፊት ማቆሙ፣ ያ የኦርኬስትራው ልማድ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ የሚያሳይ ይመስለናል።

እንግዲህ እኅታችን ለጠየቁን መልሳችን፣ ይሆናል የሚል ነው። ነገር ግን በቅደም ተከተል ከሆነ ነው። ደብዳቤው እንደደረሰን ከሃምሳ አለቃ ጓዳችን ጋር ሻይ ይዘን ለብዙ ሰዓት ተነጋግረናል፤ ከላይ የጻፍነውንም አብዛኛውን አስቀድመው የሰሙት እርሳቸው ናቸው። በስተመጨረሻ እንዲህ አሉን፦ «እኔን ያስጨነቀኝ ጊታሩም ዘፈኑም አይደለም፤ እኔ በሌለሁበት ቤት ልጁ ትምህርቱን እንዳይጥል ነው።» ይህ ከተረቱ ፈጽሞ የተለየ ጉዳይ ነው። ሊከበርም የሚገባው ሥጋት ነው። ልጁ ግን የሰማው ተረቱን ብቻ ነው፤ አባቱ ችሎታውን የናቁበት መስሎታል። ሥጋታቸውን በራሳቸው አንደበት እንዲነግሩት፣ ከልጃቸውም ጋር የጥናት ሰዓትና የልምምድ ሰዓት እንዲዋዋሉ ተስማምተናል። የጊታሩን ገንዘብ በተመለከተ፣ የመንፈቁን የትምህርት ውጤት አይተው እንደሚወስኑ ነግረውናል። እስከዚያው ልጁ በክበቡ መሣሪያ ይለማመዳል።

ለልጃችን የምንለው ደግሞ ይህ ነው። አራቱ ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ተብለው ይቃኛሉ። አንድ ዘፈን ምረጥና ቃሉን ፈጽሞ ርሳው፤ የቤዙን መስመር ብቻ፣ በእግርህ ምት እየረገጥክ፣ ሰነፍ እስኪመስልህ ድረስ በዝግታ ምታ። ጣትህን ማየት እስክትተው ድረስ ወደሚቀጥለው አትለፍ። ከዚያ እናትህን ጥራቸው። አንተ እየመታህ ሳለ እርሳቸው ይጠይቁህ፦ ዛሬ በትምህርት ቤት ምን ተማርክ? ከሱቅ የተላክኸው ስኳር ስንት ኪሎ ነበር? ታናሽ እኅትህ የት ሄደች? ምትህ ሳይዛነፍ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መመለስ ስትችል እጅህ ከራስህ ተለይቷል ማለት ነው። እናት በዚህ ትምህርት ውስጥ ሙዚቃ ማወቅ አያስፈልጋቸውም፤ ምቱ ሲሰናከል ማንም ይሰማዋል።

ቀጥሎ ዜማውን ያለ ቃል አንጎራጉር። ከዚያ በኋላ ብቻ ቃሉን አምጣ፤ የትኛው ፊደል ከቤዙ ምት ጋር አብሮ እንደሚወድቅ በወረቀት ላይ ምልክት አድርግበት። ቃሉ በሚበዛበት ቦታ ቤዙን አቅልለው፣ ድምፅህ በሚያርፍበት አበልጽገው፤ የስቲንግን ነገር ያነሣነው ለዚህ ነበር። ማይክሮፎኑ አንገትህን የማያስደፋ ከፍታ ይኑረው፤ አንገቱን ደፍቶ ጣቱን የሚያይ ሰው ትንፋሹ ይታፈናል። የጣትህ ጫፍ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቆስላል፤ ይጠነክራልና አትደንግጥ። የቤዝ ድምፅ ግድግዳ አልፎ ስለሚሄድ ከምሽቱ በኋላ ማጉያውን ዘግተህ በጆሮ ማዳመጫ ተለማመድ፤ ጎረቤት ያስፈልጋችኋል።

አንድ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር መዝለቅ ስትችል ቀድተህ ለአባትህ በቴሌግራም ላክላቸው። ሃምሳ አለቃ ጓዳችንም ቅጂውን ሲያዳምጡ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ እንዲያደርጉ አደራ እንላለን። የቤዙ የታችኛው ክር በሴኮንድ አርባ አንድ ጊዜ ገደማ ብቻ የሚርገበገብ ስለሆነ የስልኩ ትንሽ ድምፅ ማውጫ አይችለውም፤ በእርሱ ካዳመጡት የሚሰሙት የልጃቸውን ዜማ ብቻ ይሆናል፣ የእጁ ሥራ ይቀርባቸዋል። ማዳመጫ የሌላቸው ከሆነ የእኛ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ አንድ አለ፤ መጥተው ይውሰዱ።